የሕፃኑን ልቅሶ የሸፈነው የታይፕ ድምፅ

በ1960ዎቹ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ኃላፊ ስለ ኮምፒውተር ሥራ ሊነጋገር ስልክ ሲደውል፣ ከወዲያ በኩል የታይፕ መኪና ድምፅ ይሰማዋል። ሥራ የበዛበት፣ ጸሐፊዎች የሚሯሯጡበት ቢሮ ይመስላል። ቢሮ ግን አልነበረም። ስልኩ የተነሳው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። የታይፑ ድምፅ አስቀድሞ በቴፕ የተቀዳ ሲሆን፣ ስልክ በተነሳ ቁጥር የሚከፈተው የሕፃን ልጅ ልቅሶ እንዳይሰማ ነው።

ድምፁን ያስቀዳችው ስቴፋኒ ሸርሊ ትባላለች። ሕፃኑ ልጇ ጃይልስ ነው። (ዓመታቱ፣ አገራችንን የሚመለከቱትም ጭምር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ቤቷ ቁጭ ብላ ለሰው ድረ ገጽ የምትሠራ፣ ሎጎ የምትነድፍ፣ በአንድ እጇ ልጅ አቅፋ በሌላው ለደንበኛ መልስ የምትጽፍ እናት ብዙ ናት። ነገሩን የኢንተርኔት ዘመን ትሩፋት አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ታሪኩ ግን ከኢንተርኔት ይቀድማል። የግል ኮምፒውተር እንኳ ከመፈጠሩ በፊት፣ በእርሳስ፣ በወረቀትና በፖስታ የተጀመረ ነው።

ሸርሊ እንግሊዝ አገር አልተወለደችም። በ1933 በጀርመን ዶርትሙንድ ከተማ የተወለደች ሲሆን አባቷ አይሁዳዊ ነበሩ። በ1939 የበጋ ወራት፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ወላጆቿ ከዘጠኝ ዓመት እህቷ ጋር ከቪየና በባቡር አሳፍረው ሸኟት። ዕድሜዋ አምስት ነበር። ኪንደርትራንስፖርት በሚባለው ዘመቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት በዚሁ ዓይነት መንገድ እንግሊዝ ገብተዋል። አሳዳጊዎቿ የማታውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ኋላ ላይ ስትናገር፣ የተረፈ ሕይወት በከንቱ መባከን የለበትም የሚለው ስሜት ዕድሜዋን ሙሉ እንዳልለቀቃት ትገልጽ ነበር።

ካደገች በኋላ ለንደን ዶሊስ ሂል በሚገኘው የፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች፤ ማታ ማታ እየተማረችም በሒሳብ ዲግሪዋን ያዘች። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ለወንድና ለሴት የተለያየ ነበር። ለተመሳሳይ ሥራ እኩል ይከፈል የተባለው በ1955 ሲሆን፣ ያውም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ 1961 ላይ ነው የተጠናቀቀው። ቀጥሎ ወደ አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ተዛወረች። እዚያም ከቴክኒኩ ወጣ ያለ ሐሳብ ስታቀርብ “ይህ አንቺን አይመለከትም” ዓይነት መልስ ጠበቃት። በ1962 ለቀቀች። ስድስት ፓውንድ ይዛ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ “ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ” የሚባል ድርጅት አቋቋመች። በዓመቱ ጃይልስ ተወለደ።

የሐሳቡን ድፍረት ለመረዳት በዚያን ጊዜ ሶፍትዌር ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ እንዳልነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር የሚሸጡ ኩባንያዎች ፕሮግራሙን ከማሽኑ ጋር መርቀው ይሰጡ ነበር። በነፃ የሚሰጥን ነገር ልሽጥ ብላ፣ ያውም ሴት ሆና፣ ያውም ከቤቷ ስትነሳ ሰው ሳቀ። ለኩባንያዎች የላከቻቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ባሏ ዴሪክ ስምሽን ቀይሪ ብሎ መከራት፤ “ስቴፋኒ” የሚለውን ትታ በቤተሰብ ቁልምጫዋ “ስቲቭ ሸርሊ” ብላ ትፈርም ጀመር። መልስ መምጣት ጀመረ። ወንድ መስሏቸው የቀጠሯት ደንበኞች ሴት መሆኗን የሚያውቁት በሩን ከፍታ ስትገባ ነው።

ለመሆኑ ሥራውን ማን ይሠራው ነበር?

እዚህ ላይ ነው ሴትዮዋ ሌላው ያላየውን ያየችው። እንግሊዝ አገር ፕሮግራም መጻፍ የሚያውቁ፣ ልምድ ያላቸው፣ ነገር ግን ቤት የዋሉ ሴቶች ነበሩ። ባል ሲያገቡ ወይም ሲያረግዙ ሥራ የለቀቁ ናቸው። በወቅቱ በእንግሊዝ የወሊድ ፈቃድን ለሠራተኛ መብት አድርጎ የደነገገ ሕግ አልነበረም፤ የመጣው በ1975 ነው። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ2017 የታተመው የማር ሂክስ የታሪክ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኮምፒውተር ቀላልና አሰልቺ ሥራ ተብሎ ሲታሰብ ለሴቶች የተተወ ነበር። ሥልጣንና ክብር እንዳለው ሲታወቅ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወንዶችን አሠልጥነው በላያቸው ሾሙ። ሴቶቹ የሚያውቁትን ሥራ ለአዲሱ አለቃ እያስተማሩ ከታች ቀሩ። አገሪቱ የፕሮግራመር እጥረት አለብን እያለች በምትጮኽበት ጊዜ፣ ፕሮግራመሮቿ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ሸርሊ የጠራችው እነዚህን ነው። ለአመልካቾች ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ ስልክ ታገኛለሽ ወይ የሚል ነበር፤ ስልክ ያኔ በየቤቱ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

አሠራሩ ዛሬ ሲታይ ይገርማል። ፕሮግራመሯ ቤቷ ቁጭ ብላ ሥራውን በሥዕላዊ ፍሰት ወረቀት ላይ ትነድፋለች። ከዚያ መስመር በመስመር በእርሳስ ኮዱን ትጽፋለች። የጻፈችው ወረቀት በፖስታ ወደ ኮምፒውተር ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ሌላ ሰው በካርድ ወይም በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀዳዳ ይመታዋል፤ ስሕተት እንዳይኖር እንደገና ይመታል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ማሽኑ ጋ የሚደርሰው። ልብ በሉ፤ ሥራው ራሱ ማሽን አጠገብ መሆንን አይጠይቅም ነበር። የሚጠይቀው ጠረጴዛ፣ እርሳስና ያልተቋረጠ አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ቢሮ መምጣት ግዴታ የነበረው በልማድ እንጂ በሥራው ጠባይ አይደለም። ያልተቋረጠ አንድ ሁለት ሰዓት ደግሞ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት የሚገኘው ሕፃኑ ሲተኛ ነው።

አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኤልሲ ሹት የምትባል ሌላ ፕሮግራመር ከሸርሊ ጥቂት ዓመት ቀድማ እዚሁ መንገድ ላይ ነበረች። ሬይቲዮን የተባለው ኩባንያ ሠራተኛ ሳለች አረገዘችና ወጣች፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውቴሽንስ ኢንኮርፖሬትድን አቋቁማ እንደ እሷ ያሉ እናቶችን አሠማራች። ቢዝነስ ዊክ የተባለው መጽሔት በ1963 ስለ እነሱ ሲጽፍ ለአንባቢው ያቀረበው ሒሳብና እናትነትን እንደ መደባለቅ፣ እንደ አንድ አስቂኝ ትርኢት ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዘመን፣ በተለያየ አገር፣ ከአንድ ግድግዳ ጋር ተጋጭተው አንድ ዓይነት በር ከፈቱ።

ሸርሊን ለየት የሚያደርጋት ሥራውን ማደራጀቷ ነው። ደንበኛው፣ የምትሠራልኝ ሴት በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የምትሠራው ብሎ እንዳይፈራ፣ ክፍያውን በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ ዋጋ አደረገችው። ይህን ያህል ይከፈላል፣ ይህ ሥራ ይሰጣል፤ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ቀን ይሁን ሌሊት የሚለው የድርጅቱ ጉዳይ ነው። ቁርጥ ዋጋ ግን ሒሳቡን ያልቻለን ሰው የሚያከስር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስቀድሞ ማወቅ፣ በየቤቱ የተበተኑ ሴቶች የሚጽፉት ሁሉ አንድ ወጥ እንዲሆን ደንብ ማውጣት ግድ ሆነ። የሶፍትዌር ሥራን የሚቆጣጠሩበት ደንባቸው ከጊዜ በኋላ የኔቶ መመዘኛ እስከ መሆን ደርሷል። ቢሮ ያለው አለቃ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ መኖሩን አይቶ ሥራ እየተሠራ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል። ሠራተኛውን የማያይ አለቃ ግን ሥራውን ራሱን ከማየት ሌላ አማራጭ የለውም።

በጣም የሚታወቀው ሥራቸው ኮንኮርድ ነው። ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን በመጋቢት 1969 መጀመሪያ ሲበር፣ የበረራ መረጃ የሚመዘግበው “ጥቁር ሣጥን” ፕሮግራም የተሠራው በእነዚህ ሴቶች ነበር። ሥራውን ከመሩት አንዷ አን ሞፋት በ1966 በተነሳች ፎቶግራፍ ላይ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ፣ ሕፃን ልጇ አጠገቧ ትታያለች። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ቴክኖሎጂ ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ የሆነው አውሮፕላን አንድ ክፍል ዳይፐር በሚቀየርበት ቤት ነው የተሠራው።

ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ 1975 መጣ። የእንግሊዝ ፓርላማ በጾታ ምክንያት ማዳላትን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ፣ ሴቶችን ብቻ እመርጣለሁ ማለትም አብሮ ሕገ ወጥ ሆነ። ሴቶችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ የሴቶቹን ድርጅት ለወንዶች በር እንዲከፍት አስገደደ። ሸርሊ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚነገረው እስከዚህ ነው። ነገር ግን ጎዶሎ አለው። ቤት ሆነው የሚሠሩት አብዛኞቹ ቋሚ ተቀጣሪዎች አልነበሩም። ሥራ ሲኖር ይከፈላቸዋል፤ ሥራ ሲጠፋ ወይም ልጅ ሲታመም አይከፈላቸውም። የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ማሞቂያ ከድርጅቱ ትከሻ ወርዶ በእናቲቱ ቤት ላይ አረፈ። የልጅ ጥበቃውም እንዲሁ። ድርጅቱ እናትነትን አልቀጣም፤ ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ሸክሙን ግን አላነሳም፤ ሰዓቱን እንድትመርጥ ፈቀደላት እንጂ። ቴፑም ይኸንኑ ይመሰክራል። ደንበኛው ሕፃን መኖሩን ቢያውቅ ውሉ ይቀር ነበርና ሕፃኑ መደበቅ ነበረበት።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ የኢትዮጵያ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በቀናት ልዩነት አብዛኞቹን የፌዴራል ሠራተኞች ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ አለ። ሁለቱ ትእዛዞች የተገናኙት በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው። ልጁም እዚያ፣ ሥራውም እዚያ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ በኢንተርኔት ከቤቷ ለደንበኛ የምትሠራ ሴት መሥሪያ ቤቷ ተዘጋ ማለት ነው። ለሸርሊ ሠራተኞች ፖስታና ስልክ የነበረው ለእሷ ኢንተርኔት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለተቀጠረች እናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ በክፍያ ይሰጣል። በግሏ ቤቷ ሆና የምትሠራዋ ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሷ ናትና ፈቃዱን የምትጠይቀው ሰው የላትም። የታይፑ ቴፕም ዘመናዊ ሆኗል፤ ዛሬ የስብሰባ መተግበሪያዎች የጀርባ ድምፅ የሚያጠፋ ቁልፍ አላቸው።

ወደ ጃይልስ እንመለስ። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የነበረውን ንግግር አጣ። ከባድ ኦቲዝም ነበረበት፤ አንድም ቃል ተመልሶ አልወጣውም። ድርጅቱ ሲያድግ የቤቱ ችግርም አብሮ አደገ። ጃይልስ በጉልበት እየጠነከረ፣ ሊያዝ የማይችል እየሆነ ሄደ። ሸርሊ በመጨረሻ ራሷ ታማ ወደቀች፤ ልጁ ሆስፒታል ገብቶ ለዓመታት እዚያ ኖረ። በሰዓቷ ላይ ሙሉ ሥልጣን የነበራት፣ ለብዙ እናቶች የሥራ መንገድ የከፈተች ሴት፣ ለራሷ ልጅ የሚሆን ስፍራ አገሪቱ ውስጥ አጣች። ቁርጥ ዋጋም፣ ስልክም፣ የቴፕ ድምፅም ይህን አይፈቱም።

ስለዚህ ስፍራውን ራሷ ሠራችው። ለኦቲዝም ሰዎች መኖሪያ የሚያዘጋጅ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች፤ በመጀመሪያው ቤት የመጀመሪያው ነዋሪ ጃይልስ ሆነ። ኩባንያዋን በተመለከተም ሩቡን ድርሻ ያለ ክፍያ፣ ከራሷ ላይ ቀንሳ፣ ለሠራተኞቿ አስተላልፋለች። በ1996 ወደ አክሲዮን ገበያ ገባ፤ ከሠራተኞቿ 70 ያህሉ ሚሊየነር ሆኑ። ጃይልስ ከሁለት ዓመት በኋላ በ35 ዓመቱ በድንገት አረፈ። ሸርሊ ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከሀብቷ ሰጥታለች፤ አብዛኛው የሄደው ለኦቲዝም ነው። እሷ ራሷ በነሐሴ 2025 በ91 ዓመቷ ስታርፍ፣ በስልክ ድምፁ እንዳይሰማ የሸፈነችውን ልጇን ታሪክ በአደባባይ ስትናገር ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር።