ከጥቅሱ የወደቀችው ቃል

ማቴዎስ 6፥33ን በቃሉ የማያውቅ አማኝ ጥቂት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ግድግዳችን ላይ ሰቅለነዋል፤ ሥራ ላጣ ወንድም ለማጽናኛ ብለን ነግረነዋል። ይህ ጥቅስ ግን አንድ ጊዜ ተለውጦ ከቅኝ ግዛት ለመውጣት የሚታገል ሕዝብ መፈክር ሆኖ ነበር። በኋላም በመሪው ሐውልት ላይ ተቀርጾ ቆመ። ታሪኩን ላካፍላችሁ የፈለግሁት ዛሬም በየመድረኩ የአምላካችንን ቃል እየጠቀሱ የሚናገሩ ፖለቲከኞችን ስለምንሰማ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክዋሜ ንክሩማህ በ1909 በዛሬዋ ጋና፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ጎልድ ኮስት፣ ንክሮፉል በምትባል መንደር ተወለዱ። በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ መምህርም ሆኑ። በ1935 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ በለንደን በኩል አለፉ። እዚያም መንገድ ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚያበሥር የጋዜጣ ማስታወቂያ ዐዩ። በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ላይ ያን ቅጽበት ሲያስታውሱ፣ ለንደን በሙሉ በእሳቸው ላይ ጦርነት ያወጀባቸው ያህል እንደ ተሰማቸው ጽፈዋል። አባቶቻችን ወደ ግንባር በሚዘምቱበት ወር አገራችንን ዐይቶ የማያውቅ አንድ የ26 ዓመት ወጣት በባዕድ ከተማ መንገድ ላይ ስለ እኛ ሲቆጣ ይታያችሁ።

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1942 በሥነ መለኮት ዲግሪ ያዙ፤ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትም ይሰብኩ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስን ሲጠቅሱ የሚያውቁትን መጽሐፍ ነው የሚጠቅሱት። በ1947 መጨረሻ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህን ሁሉ ይዘው ነበር የተመለሱት።

በፌብሩዋሪ 1948 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የተዋጉ የጎልድ ኮስት ወታደሮች አቤቱታ ይዘው ወደ አገረ ገዢው መኖሪያ ሲጓዙ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። አገሪቱ ተናወጠች። በ1949 ንክሩማህ የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። የቀደሙት ምሁራን ነጻነትን የሚጠይቁት በተቻለ ፍጥነት ይሁን እያሉ ነበር፤ የእሳቸው ፓርቲ ግን «አሁኑኑ!» አለ። ለሕዝቡም ያቺን ዝነኛ መፈክር ሰጡት፦ አስቀድማችሁ የፖለቲካውን መንግሥት ፈልጉ፣ ሌላው ሁሉ ይጨመርላችኋል።

መፈክሩ የሠራው የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረው ሕዝብ መጽሐፉን ስለሚያውቅ ነው። እንግሊዝኛው የሚጠቀምበት «ኪንግደም» የሚለው ቃል ስለ ዕለታዊ አስተዳደር የሚነገር ስላልሆነ ሰሚው ወዲያው ቤተ ክርስቲያን ትዝ ትለዋለች። የእኛ አማርኛ ከዚህ ይለያል። ግብር የሚሰበስበውም «መንግሥት» ነው፤ አባታችን ሆይ ስንል ትምጣ የምንለውም «መንግሥት» ነው። እኛ ቃሉን መቀየር እንኳ ሳያስፈልገን አንዱን በሌላው ልንተካ እንችላለን።

ደጋፊዎቹም ከመሪያቸው አልፈው ሄዱ። የሐዋርያትን የሃይማኖት መግለጫ በመምሰል ስለ ፓርቲውና ስለ ንክሩማህ አዲስ መግለጫ ጻፉ። በተራራው ስብከት የምናውቃቸውን ብፅዕናዎችም ለነጻነት ለታሰሩት አዞሯቸው። በስብሰባዎቻቸው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይዘመር ነበር።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ቃሉን ለራሳቸው ጥቅም በማዞር ንክሩማህ የመጀመሪያው አልነበሩም። በዚያችው አገር ባሕር ዳርቻ ያለውን የኬፕ ኮስትን ምሽግ የጎበኘ ሁሉ የሚያየው ነገር አለ፤ የእንግሊዞች የጸሎት ቤት ከወንዶች ባሪያዎች ጨለማ ጓዳ በላይ ነው የተሠራው። ከላይ ይዘመራል፤ ከታች ወደ መርከብ የሚጫኑ ሰዎች ይታፈናሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ቅኝ አገዛዝም ስሙን «ሥልጣኔና ክርስትና» ብሎ ነው የጠራው። ነጻነት መጠየቅ ትክክል ነበር፤ እኔ በዚህ ጥርጥር የለኝም።

ሕዝቡም አልተጠራጠረም። በ1950 ንክሩማህ በጠሩት አድማ ምክንያት ታሰሩ። በፌብሩዋሪ 1951 በተደረገው ምርጫ እስር ቤት ሆነው ተወዳደሩና በአክራ ከተሰጠው 23,122 ድምፅ 22,780ውን አገኙ። አገረ ገዢው ፈታቸው። ማርች 6 ቀን 1957 እኩለ ሌሊት ላይ፣ ቀድሞ እንግሊዞች ፖሎ ይጫወቱበት በነበረ ሜዳ፣ የእስረኛነት ዘመናቸውን የሚያስታውስ ቆብ ደፍተው አገራቸው ለዘላለም ነጻ መሆኗን አወጁ። ያን ድምፅ ከቅጂ የሰማ ሰው እንባ ቢመጣበት አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ጥቅሱ እንመለስ። ጌታ ኢየሱስ ስለሚበላና ስለሚለበስ የሚጨነቁ ድሆችን እያነጋገረ ነበር። እንዲፈልጉ ያዘዛቸው ሁለት ነገር ነው፤ የእግዚአብሔርን መንግሥትና ጽድቁን። በመፈክሩ ውስጥ «የእግዚአብሔር» በ«ፖለቲካ» መተካቱን ሁሉም ያያል። ጽድቅ ግን በሌላ ቃል እንኳ አልተተካም፤ ጠፋ። በግሪኩ ይህ ቃል ጽድቅንም ፍትሕንም ያቅፋል። ይህን ስጽፍ ጥቅሱን መጽሐፍ ሳልገልጥ በቃሌ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ «ጽድቁንም» የሚለውን እኔም ዘለልኩት። መንግሥትን ፈልጉ፣ ይጨመርላችኋል፤ በልቤ የተቀመጠው ይህ ብቻ ነበር።

በጋና ብዙ ነገር ተጨምሯል፤ ይህን መካድ ሐሰት ነው። ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ የቴማ ወደብና የአኮሶምቦ ግድብ ተሠሩ። ነጻነት ከተገኘ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ግን፣ በ1958፣ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ለማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ። በሕጉ ከታሰሩት አንዱ የሕግ ባለሙያው ጄ. ቢ. ዳንኳ ናቸው። ንክሩማህን ከውጭ አገር የጠራቸው የእሳቸው ድርጅት ነበር፤ በ1948ም በእንግሊዞች ዘመን አብረው ታስረዋል። በፌብሩዋሪ 1965 ዳንኳ በንሳዋም እስር ቤት ሞቱ። እንግሊዝ ያሰረቻቸው ጊዜ ወጥተው ነበር።

መፈክሩም እያደገ ሄደ። ንክሩማህ «ኦሳጅፎ» ተባሉ፤ በጦርነት ድል አድራጊ፣ አዳኝ እንደ ማለት ነው። የወጣት ፓርቲ አባላት ንክሩማህ አይሳሳትም፣ ንክሩማህ አይሞትም እያሉ እንዲዘምሩ ተማሩ። በ1962 በአክራ የአንግሊካን ጳጳስ የነበሩት ሪቻርድ ሮዝቬር ይህን አምላክ የለሽ ትምህርት ነው ብለው በአደባባይ ተቃወሙ። ከአገር ተባረሩ። እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው በዚያው ዓመት ከወራት በኋላ ነው። ጳጳሱ እንግሊዛዊ መሆናቸው ነገሩን አክብዶታል፤ የቅኝ ገዢ ድምፅ ነው ማለት ቀላል ነበር። ያሉት ግን እውነት ነበር። በ1964 በሕዝበ ውሳኔ ጋና የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች፤ የድጋፉ ድምፅ ከመቶ 99.91 ነው ተባለ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ንክሩማህ ወደ እስያ ተጉዘው ሳለ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ። በፓርላማው ፊት ለፊት የቆመው ሐውልታቸው፣ ያቺ ጥቅስ ያለችበት፣ ተገንድሶ ወደቀ። ንክሩማህ በስደት በጊኒ ኖሩ፤ በ1972 በቡካሬስት ሕክምና ላይ ሳሉ ዐረፉ።

አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ከ2012 ጀምሮ የእሳቸው ሐውልት ቆሟል። በ1963 አፍሪካ ትተባበር ብለው የተናገሩት በከተማችን ነውና ይገባቸዋል እላለሁ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት አጠገባቸው እስኪቆም ሰባት ዓመት መፍጀቱ ብዙዎቻችንን ቢያስከፋም። አክራ ያለው አሮጌው ሐውልት ግን ዛሬም በወደቀበት መልኩ ተጠብቋል። ነጻነት በታወጀበት በዚያው ሜዳ፣ በመታሰቢያቸው መናፈሻ ውስጥ፣ አካሉ ያለ ራስ ቆሟል፤ ራሱም ለብቻው ተቀምጧል።