ምጣድ ሲጣድ የሚጠፋው ኮምፒውተር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወሬው የጎንደር ነው፤ ከፋሲል ግንብ በታች፣ አራዳ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት የተነሣ። የሰው ስም አልጠራም። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ነገ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ዓይን ለዓይን መተያየት እፈልጋለሁ።

ጥር በጎንደር ምን እንደሆነ ለአገሩ ሰው አይነገርም። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ዳሱ ይጣላል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ይጣደፋል። ሙሽሮች ግንቡ ሥር ፎቶ ይነሣሉ፣ ካሜራ ይከተላቸዋል። ከዚያ ሠርጉ አለ፣ መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ። ያ ሁሉ ቀረጻ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ዘፈን ገብቶለት ፍላሽ ላይ የሚወርደው ከአንድ ኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ባሕር ማዶ ቢሮ አገልግሎ ጡረታ የወጣ፣ በመርካቶ በኩል ጎንደር የደረሰ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ትልቁ ኬዝ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ደብዳቤ ሊጻፍበት፣ ኤክሴል ሊሠራበት የተፈጠረ ማሽን ስለሆነ ከፋብሪካው የተሰጠው ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ብቻ ነው። ለጸሐፊ ይተርፋል። ለሠርግ ቪዲዮ ግን ሬንደር ሲያደርግ ሌሊቱ ያልቃል።

ኤዲተሩ ልጅ፣ እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር፣ ብሩን አጠራቅሞ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ገዛ። ካርዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጉልበተኛ ነው፤ 120 ዋት ይበላል፣ በጎኑም ባለ ስድስት እግር የመብራት መሰኪያ አለው። ሠሪው ኤንቪዲያ ራሱ «ቢያንስ ባለ 400 ዋት ፓወር ይኑራችሁ» ብሎበታል። ዴሉ 400 ዋት ቀርቶ ባለ ስድስት እግሩን ገመድ እንኳ የለውም። ሻጩ ግን መላ አላጣም፤ «ይኸውልህ ወንድሜ፣ በነጻ» ብሎ አንዲት አጭር ገመድ ጨመረለት። በአንድ ጫፏ ለሃርድ ዲስክ የሚሰካው ጠፍጣፋ የሳታ መሰኪያ፣ በሌላ ጫፏ ባለ ስድስት እግሩ። ይህችን ገመድ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመጣባታለን።

ቀን ቀን ኮምፒውተሩ ፈረስ ሆነ፣ በረረ። ልጁም ሰፈሩን ጠርቶ አሳየ። ሲመሽ፣ ሬንደሩ ከተጋመሰ በኋላ፣ ድርግም! ስክሪኑ ጥቁር፣ ማሽኑ ዝም። አስነሣው፣ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ድርግም።

ከዚያማ መካሪ በዛ። አንዱ «ቫይረስ ነው» አለ፤ ፎርማት ተደረገ። ሌላው «ራሙ ነው» አለ፤ ራሙ ተነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹ በላጲስ ተፈተጉ፣ ፍርፋሪው በትንፋሽ ተነፋ፣ ተመልሶ ተሰካ። በላጲስ መፈተግ የማንንም ኮምፒውተር ሳይፈውስ የቀረበት ጊዜ እንዳለ የሚያምን ጠጋኝ እኔ አላየሁም። ያም ሆኖ ማታ ድርግም።

አንድ ምሽት ልጁ አንድ ነገር ልብ አለ። ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት አምፖሉ ይደበዝዛል። አምፖሉ የሚደበዝዘው ደግሞ የጎረቤት እትዬ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ሲጥዱ ነው። እትዬ ለሠርግ ቤት በትእዛዝ ይጋግራሉ፤ በጥር እረፍት የላቸውም። ሄደ፣ እጅ ነሣ።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ማታ ምጣዱን ትንሽ ቢያቆዩልኝ? ቪዲዮው እየተቋረጠብኝ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ሠርገኛ ቪዲዮ ይበላል? እንጀራ ነው የሚበላው» አሉት። ሊጡን ማዞራቸውንም አላቋረጡም።

እውነታቸውን ነው። የልጁም ጥርጣሬ ግን ከንቱ አልነበረም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ የሰፈሩ መስመር ቀጭንና ረጅም ከሆነ ሁለት ሦስት ምጣድ ሲጣድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ቮልቱ ቀንሷልና በልኬ ልብላ» አይልም። የሚፈልገው ዋት ያው ስለሆነ 220 የነበረው 170 ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ ጉድለቱን በካረንት ይሞላል፤ ከግድግዳው የሚስበው ካረንት 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይግላል፣ ይጨነቃል፣ ወደ ጣሪያው ይጠጋል። ልጁ ስታብላይዘር ገዛ። መጥፋቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ምጣዱ ገፊ ነበር፤ ገዳዩ ሌላ ነው።

«እንግዲያው ፓወሩን ልቀይር» አለና ሌላ ሱቅ ሄዶ በሳጥኑ ላይ «600 ዋት» ተብሎ በደማቁ የተጻፈበት ገዛ። ደግነቱ ኦፕቲፕሌክስ 7010 የተለመደውን ባለ 24 እግር ሶኬት ይቀበላል፤ ተከታዩ 9020 ቢሆን ዴል የራሱን ባለ 8 እግር ስላደረገበት ይህም አይሆንለትም ነበር። ገጠመው፣ አበራው። ያን ማታ ከወትሮው ቀድሞ ጠፋ።

አሁን የሙሽራዋ እናት በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «ልጄ ልትወልድ ነው፣ ቪዲዮው አልደረሰም!» ልጁ መሸሸጊያ ሲያጣ ኬዙን ተሸክሞ ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ሄደ። ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው።

ጋሼ ኮምፒውተሩን አላበሩትም። መጀመሪያ ፓወሩን ፈትተው በመዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ቀለለኝ» አሉ። «ስንት አለህ?»

«600፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና በጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡ። «600ን ማን ጻፈው? እዚህ የ12 ቮልቱ ዓምድ ሥር 16 አምፔር ነው የሚለው። 12 በ16 አባዛ።»

«192።»

«ካርድህም ሲፒዩህም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። የቀረውን ቁጥር 3.3ቱና 5ቱ ላይ ደርድረውታል፤ እሱም ቢደመር 600 አይሞላም። ካርድህ 120፣ ሲፒዩህ 77፤ 197 ሆነ። ዲስኩን፣ ቦርዱን፣ ፋኑን ገና አልቆጠርንም። ልጄ፣ ከድሮው የባሰውን ነው ገንዘብ ከፍለህ ያመጣኸው!»

ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ዋቱን በእኩል አይበላም። 120 የተባለው በአማካይ ነው፤ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከዚያ ዘልሎ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ደህና ፓወር ዝላዩን ይችላል፤ ያልቻለ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ፣ ሳይንተባተብ ድርግም ያለ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ ንጹሕ ነው፤ ፎርማት ማድረጉ ድካም ነው።

ጋሼ ቀጥለው ያቺን አጭር ገመድ አወጧት። ነጩ መሰኪያ በቢጫው ሽቦ በኩል ቡናማ ሆኗል፤ አንደኛው እግር ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ በጉጠት ነው የተላቀቀው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ለልጁ አቀበሉት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልቱ በኩል የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ባለ ስድስት እግሩ ደግሞ እስከ 75 ዋት የመጠየቅ መብት አለው። በአህያ ላይ የግመል ጭነት። ሬንደሩ ጥቂት ሌሊት ቢቆይ ኖሮ ወሬው የኮምፒውተር መጥፋት ሳይሆን የቤት ቃጠሎ ይሆን ነበር።

በዚህ ልክ የሚሳሳተው ባለሱቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ለካርድ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ያወጣው አርኤክስ 480 ካርድ ከዚያ በላይ ከቦርዱ ሲስብ ተገኘና ኩባንያው በቀጣዩ ወር ነገሩን በድራይቨር አረመ።

ጋሼ ለዚያ ሌሊት የሰጡት መላ የድሃ መላ ነበር። የሳታዋን ገመድ ጣሉ፣ የባለ «600»ውን የራሱን ባለ ስድስት እግር ገመድ ሰኩ፣ በኤምኤስአይ አፍተርበርነር ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 60 በመቶ አወረዱት። 120 የነበረው 72 ዋት ሆነ። ሬንደሩ ዘገየ፤ ግን እትዬ ጋግረው ምጣዱን እስኪያወርዱ ሳይጠፋ አደረ። እናትየውም ፍላሻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ዘላቂው መላ ሌላ ነው። ልጁ 1060ውን ሸጦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ገዛ፤ 75 ዋት የሚበላ፣ ሁሉንም ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ የሚያገኝ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ዓይነቱን። የዴሉ 275 ዋትም ወደ ቦታው ተመለሰ። ኤንቪዲያ ለዚህኛው 300 ዋት ይላል፤ ያ ግን የማያውቀውን ፓወር ሁሉ ፈርቶ የጻፈው ነው። 75 እና 77፣ ለቀረው 50 ብንይዝ 200 ገደማ ነው፤ ሐቀኛ 275 ይህን ይሸከማል። እኔ የጋሼን ፍርድ ነው የምይዘው፦ ፓወሩን ለካርዱ ማስማማት ካቃተህ ካርዱን ለፓወሩ ግዛ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ዳባትና ደባርቅ ከዚያም ይልቃሉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ፋን የሚጠርገው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክሳል፣ አቧራው ግን አያካክስም፤ በየጊዜው ይነፋ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ፓወር ካጋጠማችሁም ሳትሰኩ እዩት። 115 ላይ ሆኖ በእኛ መብራት የተሰካ ይፈነዳል።

ከአዲስ አበባ ካርድ የምታስመጡ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱ፣ የ12 ቮልቱን አምፔር አንብቡ፣ በ12 አባዙ። ባለሱቆችም፣ ያቺን የሳታ ገመድ ከመደርደሪያችሁ አውርዷት፤ በነጻ እንኳ አትስጡ።