ማውስና ፊደል በዶስ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዶስ ትእዛዝን ከቁልፍ ሰሌዳ በጽሑፍ የሚቀበል ሥርዓት በመሆኑ ማውስን በራሱ አያውቀውም ነበር። ማውሱ እንዲሠራ «ድራይቨር» የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም አስቀድሞ መጫን ነበረበት፤ ያለዚያ ቢገፉት ቢጎትቱት በስክሪኑ ላይ ምልክት አይታይም። የግእዝ ፊደልም ዕጣ ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ የማውሱ ፕሮግራም ከመሣሪያው ጋር በዲስኬት ሲመጣ፣ የፊደሉን ግን እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው። በእንጅባራና በዳንግላ የሚነገረው አውጚም ስሙን በትክክል ለመጻፍ «ጚ»ን ይሻል፤ ይህ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ያላስተዋወቁትን እንግዳ ኮምፒዩተር እንደማያስገባ ነው፤ አስተዋዋቂ ያጣ ፊደልም ከደጅ ይቀራል።