መዝጊያ የሌለው ቁም ሣጥን

በዲሴምበር 1891 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ የአካል ማሠልጠኛ መምህር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ፣ ለአዲሱ ጨዋታው ግብ የሚሆኑ ሁለት ሣጥኖች እንዲፈልግለት የትምህርት ቤቱን ሕንፃ ጠባቂ ጠየቀ። የፈለጋቸው ሣጥኖች ጎናቸው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ነበሩ። ጠባቂው ሣጥን ስላጣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ይዞ መጣ፤ ጨዋታውም ስሙን ከቅርጫቱ ወሰደ። በዚህ ሁኔታ ሣጥኑ ከሜዳው ቢቀርም በልብስ መለወጫው ክፍል ግን ቦታውን ይዞ ኖሯል፤ እኛ የግንባታና የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ልንመለከተው የሚገባንም ይኸኛውን ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በትምህርት ቤቶችና በፋብሪካዎች የላሜራ ቁም ሣጥን እየተስፋፋ ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላሜራ እሳት አይይዘውም፣ ተባይ አይራባበትም፣ በብዛትና በአንድ ልክ ለመሥራት ይመቻል። ከመዝጊያው ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ይበጁለትና አየር እንዲያገኝ ይደረጋል። ይሁን እንጂ በላብ የራሰ ልብስ ተዘግቶበት ሲያድር ሽታው አይጣል ነው፤ ቀለሙ በተፋቀበትም በኩል ዝገት ይጀምረዋል።

በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ገደማና ከዚያም ወዲህ የተሠሩት ታላላቅ የቅርጫት ኳስ አዳራሾች ወደ እንጨት ተመለሱ። አሁን የምናየው ግን ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው፤ መዝጊያ የለውም። ከላይ መደርደሪያ፣ መካከሉ ላይ ቁመቱ 2 ሜትር የሚያልፍ ሰው ካፖርት ሳይታጠፍ የሚንጠለጠልበት መስቀያ፣ ከታች ደግሞ መቀመጫ ያለው ክፍት ሣጥን ነው። የእንግሊዝኛው ስም «ሎከር» ከቁልፍ የመጣ ሲሆን፣ ዕቃው ቁልፉን ጥሎ ስሙን ብቻ አስቀርቷል። አናጢው እዚህ ላይ ብዙ ይፈተናል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ በኩል ስለሚያብጥ፣ ሰፊው ገጽ በኮምፔንሳቶ ተሠርቶ ጠርዙ በደረቅ ጣውላ ይከደናል። የወለሉ እጥበት ውኃ ሽቅብ እንዳይሰርገው እግሩ ከፍ ይላል፤ ጀርባውም አየር እንዲያሳልፍ ክፍተት ይተውለታል። ሆኖም ይህ ሁሉ ጥበብ የሚሠራው ልብሱን ወስዶ የሚያጥብና በሩን የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። የላሜራው መዝጊያ ሌባ አለ ብሎ ይነሣል፤ ክፍቱ እንጨት ግን አገልጋይ አለ ብሎ ይነሣል። በጀቱን ሳይመለከት ይህን ንድፍ ለአንድ ተራ ትምህርት ቤት የሚቀዳ አርክቴክት ተሳስቷል እላለሁ።

ክፍሉ ማንን እንደሚያከብር ደግሞ የቦስተን ጋርደን ታሪክ ያሳየናል። በ1928 ተከፍቶ በ1995 የተዘጋው ይህ አዳራሽ፣ የሴልቲክስ ቡድን የሚጫወትበት ወለሉ ዝነኛ ነበር። ወለሉ የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨት በጠፋበት በ1946 ሲሆን፣ ቁርጥራጭ የኦክ ጣውላዎች እየተጋጠሙ የተበጀ ነው። የእንግዳው ቡድን ልብስ መለወጫ ግን በጥበቱና በሙቀቱ ይታወቅ ነበር። የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰዎች የሴልቲክሱ ሹም ሬድ አወርባክ ሆን ብሎ ያስጨንቀናል እያሉ ይጠረጥሩት ነበር። ጥርጣሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሕንፃው ማቀዝቀዣ እንዳልነበረው የታወቀ ነው። በጁን 1984 በተደረገው የፍጻሜው 5ኛ ግጥሚያ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ፣ የሌከርሱ ካሪም አብዱል-ጀባር ኦክስጂን እስከ መሳብ ደረሰ፤ ሴልቲክስም 121 ለ103 አሸነፈ።

እንግዳው ቡድን ቢጨነቅ ለአንድ ምሽት ነው። በገዛ ትምህርት ቤታቸው እንደ እንግዳ የተቆጠሩት ግን ሴቶቹ ነበሩ። ሴንዳ በረንሰን ጨዋታውን ለስሚዝ ኮሌጅ ሴቶች ያስተማረችው በ1892፣ ማለትም በተፈጠረ በዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ሴቶች ዘግይተው የመጡ ናቸው ማለት አይቻልም። ሆኖም በ1972 «ታይትል ናይን» የተባለው ሕግ በመንግሥት ገንዘብ በሚረዱ ትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን እስኪከለክል ድረስ ስለ ክፍላቸው የሚሟገትበት ሕግ አልነበራቸውም። የ1975ቱ ማስፈጸሚያ ደንብ ለእኩልነት ከሚመዘኑት ነገሮች መካከል የልብስ መለወጫ ክፍሎችን በስም ጠቅሷል። ደንቡ ለወንዱና ለሴቷ ቡድን እኩል ብር ይውጣ አይልም፤ የሚመዝነው የሚሰጠውን ዕድልና አገልግሎት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር ለእኛ ሙያ የቀረበ ነው፤ መስቀያውን ቆጥሮ፣ የመቀመጫውን ወርድ ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላልና።

ልዩነቱ ግን በአንድ ደንብ አልጠፋም። በ2021 የኮሌጆች ውድድር ኢንዲያናፖሊስ ለነበሩት ወንዶች ሙሉ የክብደት ማንሻ ክፍል ሲዘጋጅ፣ ሳን አንቶኒዮ ለነበሩት ሴቶች የቀረበላቸው አንድ አነስተኛ የእጅ ክብደቶች መደርደሪያ ነበር። የኦሪገን ተጫዋች ሴዶና ፕሪንስ በፊልም ቀርጻ ለሕዝብ ካሳየችው በኋላ አዘጋጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሣሪያውን አሟሉ።

በኦገስት 2024 ደግሞ ኮቢ ብራያንት እስከ 2016 በሎስ አንጀለስ ይገለገልበት የነበረው ቁም ሣጥን በሶዘቢስ ጨረታ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። አዳራሹ ሲታደስ ከግድግዳው የተነቀለ ዕቃ ነበር።