ከቦሩ ሜዳ እስከ ሚያዝያ 12

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ባቲያችን በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ከአፋር ቆላ ግመሉን እየነዳ የመጣውና ከደጋ እህሉን ጭኖ የወረደው በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ። ሻጭ ገዢውን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በአገራችን ቤተ መንግሥት ግን ይህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሲጠየቅ ኖሯል። ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ታሪክ ነው።

በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አቅራቢያ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። በጉባኤው የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክርክር ከተቋጨ በኋላ ነገሩ ወደ ሙስሊሞች ዞረ። ሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ግን ትእዛዙን አልቀበልም ብለው ተከታዮቻቸውን አስከትለው ተነሱ። ብዙ ሕዝብም ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው «ወደ እስልምና አዘንብለዋል» የሚል ነበር። አባት ካልተጠመቁ ሹመት እንደማይኖራቸው ተነገራቸው፤ ልጅ ክርስቲያን ሆነው አድገውም አልታመኑም። እምነት የሥልጣን መመዘኛ ሲሆን አስገዳጁም ተገዳጁም ሰላም አያገኙም። ቁርኣናችን በሃይማኖት ማስገደድን መከልከሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። እኛ ደግሞ በገዛ አገራችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እንባል ነበር። ዒዶቻችንም የሥራ ቀን ነበሩ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ከ100 ሺህ በላይ ሰው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። 13 ጥያቄዎች ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ቀረቡ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ በሹመትና በመሬት ይዞታ እኩል እንሁን፣ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ይገኙባቸዋል። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰለፉ። ይህን መርሳት ውለታ ቢስነት ነው።

በ1967 ዓ.ም ሦስት በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነትን ደነገገ። ሆኖም በ2004 ዓ.ም ሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» ብለው መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ ሲሉ፣ የመረጧቸው ወኪሎች ታሰሩ።

ሕግ መጻፉ ብቻ እንደማይበቃ አሜሪካም ትመሰክራለች። በፈረንጆች 1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥቷ ሃይማኖት የሹመት መመዘኛ እንዳይሆን ከልክሏል። የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል ኪት ኤሊሰን የተመረጠው ግን በ2006 ነው። በቁርኣን ቃለ መሐላ ልፈጽም ሲል ጩኸት ተነሳበት። ይዞት የቀረበው ቁርኣን ግን የአሜሪካ 3ኛ ፕሬዚዳንት የነበረው የቶማስ ጀፈርሰን ንብረት ነበር።

ውድ አድማጮቻችን! እኛ በአገር ደረጃ ጥያቄ አቅራቢዎች ብንሆንም በባቲና በከሚሴ ብዙኃኑ እኛው ነን። እዚህ የምንፈተነው በቁጥር በሚያንሰው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ልጁ ለሥራ ሲወዳደር በችሎታው ፈንታ ሃይማኖቱን ካየን፣ ቦሩ ሜዳን እኛው ደገምነው ማለት ነው። ሚያዝያ 12 አብሮን የተሰለፈው ሰው ዕዳ የሚከፈለው በዚህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ፍትሕን ከሚያጸኑት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።