የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ክፍሎች አመራረጥ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን

የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ክፍሎች አመራረጥ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ለየብቻ መርጦ በመግዛት ወይም ያገለገለ ኮምፒዩተር በማሻሻል ለታሰበው ሥራና ለተያዘው ገንዘብ የሚበቃ ኮምፒዩተር የመገጣጠም ዘዴ ነው። በሌሎች አገሮች የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ይጀምራሉ። በአርባ ምንጭ ግን በጀቱ ከመብራቱ ቢጀምር ይሻላል። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ምትክ በከተማው ካልተገኘ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የፎቶ ቤቱ ሥራ ይቆማል።

ገበያው

የጋሞ ዞን ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ታችኛው ሲቀላና ላይኛው ሴቻ ተብላ ትከፈላለች፤ ንግዱ በይበልጥ ያለው በሲቀላ ነው። ከኮምፒዩተር ፈላጊዎች መካከል የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። ተቋሙ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የውሃና የሲቪል ምህንድስና ሥራ እንደ አውቶካድ፣ አርክጂአይኤስና ሄክራስ ያሉ፣ ደካማ ማሽን የማይችላቸውን ፕሮግራሞች ይጠይቃል።

ክፍሎቹ ከውጭ ስለሚገቡ ዋጋቸው የዶላርን ምንዛሪ ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ንሯል። በዚህ ምክንያት የአምና የዋጋ ዝርዝር ለዘንድሮ በጀት አይጠቅምም፤ ዋጋ መጠየቅ ያለበትም በሚገዛበት ሳምንት ነው።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር

በትንሽ ገንዘብ ለሚነሳ ሰው ሁሉንም ክፍል አዲስ መግዛት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የሚሻለው በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግሎ የተሸጠ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ገዝቶ ዲስኩንና ራሙን ማሻሻል ነው። እነዚህ ማሽኖች ጠንካራ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ወጥመድ አላቸው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ፓወር ሰፕላያቸውና ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዝበት መሰኪያ የየድርጅቱ የብቻ ሥሪት እንጂ ኤቲኤክስ የሚባለው የጋራ ዓይነት አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ከማንኛውም ሱቅ ገዝቶ መተካት አይቻልም። በተለይ ቀጭኑ ኬዝ ሙሉ ቁመት ያለው ግራፊክስ ካርድ አያስገባም። ስለዚህ ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ማማ መሳዩን ትልቁን ኬዝ መምረጥ ይገባል፤ ጠረጴዛ ላይ ቦታ መያዙ ይህን ያህል ጉዳት የለውም።

የፕሮሰሰሩ ዕድሜም መታየት አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት በሊኑክስ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ አውቶካድ ለሚፈልግ ግን መፍትሔ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ ኃይል

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ማሽኑ 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ሰፕላይ ይህ ችግር የለበትም፤ ቮልቴጅ ሲወርድም በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል።

ዕቃ የሚጎዳው መብራት ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መውጣትና መውረድም አደገኛ ነው። ተራ ዲቫይደር ይህን አይከላከልም። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ በበጀቱ መያዝ አለበት እንጂ ሌላ ጊዜ ይገዛል ተብሎ የሚተው አይደለም። ገዢ የሚሳሳተው በቁጥሩ ነው፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ይህ ለቢሮ ማሽንና ለስክሪኑ ከበቂ በላይ ቢሆንም ሌዘር ፕሪንተር አብሮ ሊሰካበት አይገባም። ዓላማውም ፋይል አስቀምጦ ማሽኑን ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ማግኘት ነው። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው ደግሞ የኬዙ ብረት ይነዝራል፤ ከፕሮሰሰር ምርጫ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ፕሮሰሰር፣ ራምና ዲስክ

ለአሮጌ ማሽን ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው፤ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረ ዊንዶውስ በሰከንዶች ይነሳል። ቀጥሎ ራም ይመጣል። 8 ጊጋባይት ለጽሕፈት ይበቃል፣ ለካርታና ለምህንድስና ሥራ ግን 16 ይመከራል። ራሙ ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ቢሆን በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ፍጥነት ይጨምራል። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የመሰኪያ ቦታቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

አዲስ ለሚገጣጥም ሰው የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ጥሩ አማራጭ ነው። እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው የካርድ ወጪ ያስቀራል። በኢንቴል በኩል በስሙ መጨረሻ ኤፍ ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም፤ ርካሽ ነው ብሎ የገዛው ሰው ካርድ ካልጨመረ ስክሪኑ ላይ ምንም አያይም።

ሙቀት

አርባ ምንጭ በ1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የዩፒኤስ ባትሪ ዕድሜ የሙቀት መጠኑ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ባትሪ ቶሎ ይሞታል። ኬዙ ፊት ለፊት አየር የሚያስገባ፣ አቧራ የሚያጠራ ወንፊትም ያለው ሊሆን ይገባል። በዚያው ዞን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጨንቻ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ስስ በመሆኑ ማራገቢያው በመጠኑ ይደክማል፤ ብርዱ ግን ያካክሰዋል። ስለዚህ ጨንቻ ላይ ጸጥ ብሎ የሚሠራ ማሽን ሲቀላ ሲወርድ ቢጮህ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ከክፍያ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ያገለገለ ማሽን ሱቁ ውስጥ ተከፍቶ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያበጠ ካፓሲተር አለመኖሩ ይታያል። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይታወቃል። ባዮሱ የቀድሞው ቢሮ የይለፍ ቃል ካለበት ገዢው ቅንብሩን መቀየር ይቸገራል። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሲመለስ ቀኑ ከጠፋበት ደግሞ ያረጀው ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ ነው፤ ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች አንከፈትም ስለሚሉ ብዙ ሰው የኢንተርኔት ችግር ይመስለዋል። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ መቀየሩም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።