ብሔራዊ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ፕሮግራም (አሜሪካ)

ብሔራዊ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ፕሮግራም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ብቃታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ሥርዓት ነው። ፕሮግራሙን የሚመራው በጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው፣ በምህፃሩ ሳምሳ የሚባለው ድርጅት ነው።

ታሪክ

ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1986 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ እንዲሆኑ የሚያዘውን ትእዛዝ ቁጥር 12564 ፈረሙ። ኮንግረስ በ1987 ባወጣው ሕግ መሠረት የተዘጋጀው አስገዳጅ መመሪያ ኤፕሪል 11 ቀን 1988 ታተመ። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዕፅ ወደሚያዝበት ወይም ጦር መሣሪያ ወደሚያስታጥቅ የሥራ መደብ የሚዛወሩ የጉምሩክ ሠራተኞችን ያለ ጥርጣሬ መመርመር ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ ወሰነ።

የማረጋገጫው ሂደት

አመልካች ላቦራቶሪ ይዘታቸው አስቀድሞ የታወቀ የሙከራ ናሙናዎችን በሦስት ዙር ይመረምራል፤ በቦታው ተገኝተው የሚፈትሹ ባለሙያዎችም ይጎበኙታል። ከዕፅ ነፃ የሆነን ናሙና «ዕፅ አለበት» ያለ አመልካች ፈተናውን አያልፍም። ያለፈውም በየሩብ ዓመቱ በሙከራ ናሙና ይፈተናል፣ በየጊዜውም ይፈተሻል። የምስክር ወረቀቱ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የብቁ ላቦራቶሪዎች ዝርዝር በየወሩ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል።

የምርመራው አሠራር

የሽንት ናሙና መጀመሪያ በፀረ እንግዳ አካላት ዘዴ ይለያል። ከተወሰነው መጠን በላይ ዕፅ ከታየበት በማስ ስፔክትሮሜትሪ እንደገና ይመረመራል። ለካናቢስ የመጀመሪያው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም፣ የማረጋገጫው 15 ናኖግራም ነው። ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ ስለሚታሸግ፣ ሠራተኛው ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ብቁ ላቦራቶሪ እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል።

የወሰኑ አስፈላጊነት

ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው የፖፒ ዘር ጥቂት ሞርፊን ስላለው፣ ዕፅ ያልወሰደ ሰው ሽንት ውስጥ ሞርፊን ሊገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሞርፊንና የኮዴይን ወሰን በ1998 ከ300 ወደ 2000 ናኖግራም ከፍ ተደረገ። ሐኪም የሆነ የውጤት መርማሪም ውጤቱ ለአሠሪው ከመድረሱ በፊት ሠራተኛውን ያነጋግራል፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት መኖሩንም ያጣራል። በላቦራቶሪ የሚፈጠር አንድ ስሕተት የሰውን እንጀራ ሊያሳጣ ስለሚችል፣ የሥርዓቱ ዋና ዓላማ ንጹሕ ሠራተኛ በሐሰት ውጤት እንዳይቀጣ መጠበቅ ነው።